የሰማያዊ አርማ ሰዎች

ኡስታድ ገዘንፈር ሰውን የሚመዝነው በአንድ ጥያቄ ነበር። «የማን ነህ?» ይላል። የተጠየቀው ሰው የዋህ ሆኖ የአባቱን ስም የጠራ እንደሆነ ይቆጣል። «አባትህን ምን ላድርገው? የማን ቬንትሌተር ነው የምትሠራው?»

በጉጅራት ከተማ ግማሹ ሰው የሚተዳደረው በቬንትሌተር ስለሆነ ጥያቄው እንግዳ አልነበረም። ኡስታድ ገዘንፈር የዘርቃ ሰው ነው። ዘርቃ ፋብሪካ ከገባ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ የሚዛን ክፍል አለቃ ሆኖ «ኡስታድ» ከተባለ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሦስቱን የቬንትሌተር ክንፎች አንጠልጥሎ የቱ እንደከበደ፣ የቱ እንደቀለለ በጣቱ ጫፍ ያውቃል። በቤቱ አራት የዘርቃ ቬንትሌተሮች ተሰቅለዋል። አንደኛው ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ምድጃውን ስለሚያጠፋ ተከፍቶ አያውቅም። እንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ በሠላሳኛ ዓመቱ የተሸለመው ሰማያዊ ሰሌዳ አለ። የፋብሪካው ጌታ ቻውድሪ ሰሌዳውን ሲሰጡት ስልክ እያወሩ ነበር፤ ስሙንም «መዝሀር» ብለው ነው የጠሩት። እሱ ግን ሲያወራው፣ «ስልክ ላይ ሆነው እንኳ እጄን ጨበጡኝ!» ይላል።

ልጁ ነጊና ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ፋብሪካ የሞተር ሽቦ ትጠመጥማለች። አባቷ ሰሌዳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ በማይሰሙት ሰውዬ ፊት ሲያጎነብስ አየችው። ያዘነችለት ቢሆን ይሻላት ነበር። የተሰማት ግን ንቀት ነበር። አባትን መናቅ ደግሞ ጉሮሮ ላይ እንደተሰነቀረ የዓሣ አጥንት ነው፤ አይዋጥም፣ አይተፋም።

ባለፈው የብርድ ወራት ዘርቃና ዋዲ ተዋሃዱ። ዋዲ ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ አርማው ቡናማ የሆነው ፋብሪካ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሁለቱ ፋብሪካ ሠራተኞች በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ በአንድ ፀጉር ቤት ተላጭተው አያውቁም። ጌቶቹ ግን ነገሩን በአንድ እራት ጨረሱት። ቻውድሪ ለወንድ ልጃቸው የዋዲውን ጌታ ሴት ልጅ አጩለት፤ በሠርጉ ማግስት ሁለቱ ፋብሪካዎች አንድ ሆኑ፤ በሳምንቱ ሁለቱም ጌቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ላሆር ገቡ። ለሠራተኛው በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ጣፋጭ ላዱና አንድ አንድ ወረቀት ታደለው። ወረቀቱ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ነን» ይላል። ከሥሩ አዲሱ ስም ተጽፏል፦ ዘርቃ ዋዲ።

የዘርቃ ወንዶች በደስታ ሊሞቱ ደረሱ።

«አያችሁ? የማን ስም ቀደመ!» አለ የበሩ ዘበኛ ቻቻ ቡታ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ።

«አህያም ከፊት ነው የሚሄደው! ነጂው ነው ከኋላ የሚመጣው!» አለ አንድ የዋዲ ካቦ ከማዶ።

ድብድብ ተነሣ፤ የአንድ ሰው ጥርስም ወለቀ። በዚያች ሰዓት ጌቶቹ ላሆር ውስጥ ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር።

ከዚያ ለሁሉም ግራጫ ቱታ ታደለ። የዘርቃ ወንዶች ግራጫውን ከላይ፣ የድሮውን ሰማያዊ ከሥር ደርበው ለበሱ። የዋዲዎቹም ቡናማቸውን እንደዚሁ ደረቡ። ጉጅራት በሰኔ የሚግል ምጣድ ናት። ቻቻ ቡታ በሁለት ቱታ ሲጠብቅ ውሎ በሩ ላይ ተዘረረ። ውሃ አፍስሰውበት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ሰማያዊውን አወለቃችሁብኝ እንዴ?» ብሎ ነበር። ይህ ወሬ በሚዛን ክፍል ውስጥ እንደ ጀግና ታሪክ ተወራ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል። እነዚህኞቹ ግን ጌታቸው በጎቹን ጥሎ ከሄደ በኋላም ላታቸውን ከውጭ አላስገቡም።

ነጊና የምታውቀውን ግን አያውቁም፤ ወይም ማወቅ አይፈልጉም። ከውህደቱ በኋላ የዘርቃ የጥምጠማ ክፍል ተዘግቶ ሴቶቹ ሁሉ መንገዱን ተሻግረው ዋዲ ገቡ። አሁን የጥምጠማ ክፍሉ አንድ ነው። ሞተሩ አንድ ነው። ክንፉን የሚቆርጠው ማሽንም አንድ ነው። ሰማያዊና ቡናማ የሚለየው መጨረሻ ላይ፣ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ በሰማያዊ አርማ፣ አንዱ በቡናማ አርማ የተሞላ። የሙልታን ነጋዴ ሰማያዊ ካለ ሰማያዊ ይለጠፋል፤ የካራቺው ቡናማ ካለ ቡናማ። ሞተሩ በጋሪ ተጭኖ በጓሮ በር ወደ ኡስታድ ገዘንፈር ሚዛን ክፍል ሲገባ፣ እሱ አንሥቶ ይደባብሰውና «እዩት! ይሄ ነው ዘርቃ» ይላል። ጋሪው ከየት እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ቢጠይቅ ይነግሩት ነበር።

በዚህ መሀል ነጊና ወደደች።

ተውቂር የጥምጠማ ማሽኖችን የሚጠግን የዋዲ ልጅ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጣቱ ሁልጊዜ ዘይት የነካው፣ ማሽኗን ጠግኖ ሲጨርስ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ጠረጴዛዋ ላይ ትቶ የሚሄድ። ቀልድ ያውቃል። «ሰማያዊና ቡናማ ሲደባለቅ ምን ይወጣል?» ብሎ ሴቶቹን ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፤ «ጭቃ!» ሴቶቹ ይስቃሉ። ነጊና የወደደችው በለውዙ አይደለም፤ በዚህች ቀልድ ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ በአርማ የሚጣሉትን እንደ እሷ የሚንቅ አንድ ወንድ ተገኘ ብላ።

አባቱ ኡስታድ ሰርፈራዝ የዋዲ የሚዛን ክፍል አለቃ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ኡስታድ ገዘንፈር ከአልጋው ላይ ዘሎ ተነሣ።

«የዋዲ ሰው? ቬንትሌተራቸው እኮ እንደ ሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ነው የሚያስለው! ልጄን ሳል ቤት ልዳራት?»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ ሱግራ፣ «ለሰው ነው ለቬንትሌተር የምንድራት?»

ነገሩን የቆረጠችው የኡስታድ ገዘንፈር ታላቅ እህት ፉፊ ዘሪና ናት። ፉፊ ዘሪና ማንንም አትፈራም። «ገዘንፈር፣ አንተን ስንድርህ አንድ ትከሻህ ከሌላው ዝቅ ያለ ነበር። ማን ሚዛን ላይ ሰቀለህ?» አለችው። በመጨረሻም አንድ ቃል አስይዞ ተስማማ፤ ሙሽራዋ ይዛው የምትሄደው ዕቃ ውስጥ ሦስት ቬንትሌተር ይኖራል፣ ሦስቱም ባለ ሰማያዊ አርማ ይሆናሉ። «ልጄ በዋዲ ነፋስ ሥር አትተኛም» አለ።

ኡስታድ ሰርፈራዝም በበኩሉ፣ «ሰማያዊ ቤቴ ከተሰቀለ ጣሪያውን በእጄ አፈርሰዋለሁ» ብሎ ነበር። ፉፊ ዘሪና ለአንዱ «ያኛው እሺ ብሏል» አለችው፤ ለሌላውም እንደዚያው። ሲገናኙ ምን እንደሚሉ ለአላህ ተወችው።

ነጊና ግን ለአላህ አልተወችውም። ከማሽኗ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ ተውቂርን ያዘችው።

«ለአባትህ ንገረው። ሞተሩ አንድ መሆኑን አሳየው። እኔም ለአባ ጂ እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን አይሆንም። ለየብቻ ከሰሙት ይክዱታል» አለ። «ዕቃው በሚታይበት ቀን ሁለቱም ይኖራሉ አይደል? እኔው ራሴ በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

«ቃል?»

«ቃሌ ነው።»

ደስ አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቷ በእራት ሰዓት ስለ ዋዲ ሲራገም ሩቅ ሆና እንደምታዳምጠው ሬዲዮ ሆነባት። ቀኑን ትቆጥራለች፤ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ የሚናገር ባል አላት።

ዕቃው የሚታይበት እሑድ ደረሰ። ብርድ ልብሱ፣ ሳህኑ፣ የልብስ ስፌት መኪናው፣ ስድስቱ ጥንድ ልብስ በሁለት አልጋ ላይ ተዘረጋ። ከመሀል እንደ ንጉሥ ባለ ረጅም እግሩ ቬንትሌተር ቆሟል፤ ኡስታድ ገዘንፈር ሰማያዊ አርማውን በእጅጌው ሲወለውል ነው ያደረው። ሁለቱ የጣሪያዎቹ ከጎኑ በካርቶናቸው ተቀምጠዋል። ሙሽራ በዚህ ቀን በአማቶቿ ፊት አትወጣም፤ ነጊና ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ቆማ ታያለች።

የሙሽራው ወገን ገባ። ከፊት ኡስታድ ሰርፈራዝ፣ ከኋላ ሚስቱ፣ ከዚያ ተውቂር። ተውቂር አዲስ ጫማ አድርጓል። በእቅፉ አንድ ካርቶን ይዟል።

«ምንድን ነው?» አለ ኡስታድ ገዘንፈር፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ።

«ስጦታ ነው» አለ ኡስታድ ሰርፈራዝ። ካርቶኑን ከፈተው። ባለ ቡናማ አርማ ቬንትሌተር ነው። «ልጆቹ የተመሰከረለት ነገር እንዲኖራቸው ብዬ ነው።»

ኡስታድ ገዘንፈር የራሱን ቬንትሌተር ሰካ፣ በኃይል እንዲዞር አደረገው፤ ከኪሱ የአምስት ሩፒ ሳንቲም አወጣና ሞተሩ ራስ ላይ በጠርዟ አቆማት። ሳንቲሟ ቀጥ ብላ ቆመች። በጉጅራት ከዚህ በላይ ምስክር የለም፤ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ሳንቲም አይሸከምም።

ኡስታድ ሰርፈራዝ ቡናማውን ሰካ። እሱም ሳንቲም አቆመ። ቆመች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ አንዳቸው የሌላውን ሳንቲም በዓይናቸው ሊጥሉ ይታገሉ ጀመር። ሩብ ሰዓት አለፈ። ለእንግዶቹ የተሠራው የፑላው ሩዝ ቀዘቀዘ። የተዘረጋው ልብስ በሁለቱ ነፋስ እየተነሣ ይወድቃል፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ያንተ ተነቃነቀች» አለ ኡስታድ ገዘንፈር።

«ትንፋሽህን አትንፋባት!»

«እንኳን በትንፋሽ፣ በስድብም የሚወድቅ ነው ሞተራችሁ።»

«አድምጠው እስቲ ያንተን! እንደ ተራበ ድመት ነው የሚያጉረመርመው። ይሄን ቤቴ አላስገባም። በቃ! ወይ ሰማያዊው ይቀራል፣ ወይ ሠርጉ ይቀራል።»

«ሠርጉ ይቅራ! ማን ለምኖህ ነው?»

ሱግራ ማልቀስ ጀመረች። ፉፊ ዘሪና «እናንተ የበሰበሳችሁ ሽማግሌዎች!» አለች። ነጊና ግን አንዳቸውንም አላየችም። የምታየው ተውቂርን ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ያያል። አሁን፣ አለች በልቧ። አሁን ተናገር። ቀና አለ። አፉን ከፈተ።

«ውሃ... ቀዝቃዛ ውሃ ይኖራል?» አለ።

ነጊና ከመሳቢያው ካቻቪቴ አወጣችና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

የሙሽራው እናት «ያ አላህ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ነጊና ሁለቱንም ሶኬት ነቀለች። ሳንቲሞቹ ተንከባልለው አልጋ ሥር ገቡ። ሁለቱን ቬንትሌተር አስተኝታ የኋላ ክዳናቸውን ፈታች። መዳቡ ወጣ።

«ይህ የሰማያዊው ነው። ጫፉ ላይ የታሰረው አረንጓዴ ክር የኔ ነው። ይህ የቡናማው ነው። ቢጫው ክር የቡሽራ ነው። ቡሽራ በስተቀኜ ነው የምትቀመጠው፤ ክርናችን ይነካካል። እያንዳንዷ ጠምጣሚ የሠራችውን በክሯ ነው የምታሳውቀው። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ሞተሩ አንድ ነው፣ አባ ጂ። አርማውን የሚለጥፈው ማሸጊያ ክፍል ነው። እርስዎም፣ ኡስታድ ሰርፈራዝም ቀኑን ሙሉ ሚዛን የምታስይዙት አንድ ዕቃ ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ክሮቹን አዩ። የሚዛን ሰዎች ናቸውና ዓይናቸው አይዋሽም። ነጊና ጠበቀች። ያፍራሉ ብላ ነበር። አባቷ ቢያፍር ኖሮ በዚያች ደቂቃ ንቀቷን ሁሉ ትታ እግሩ ሥር ትወድቅ ነበር።

ኡስታድ ገዘንፈር ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ በራ።

«ሰማችሁ?» አለ። «ልጄ ናት የጠመጠመችው! እሷ የማን ናት? የዘርቃ! ቡሽራስ? ከዘርቃ የሄደች ናት! ስለዚህ የነሱም ቡናማ፣ ውስጡ ዘርቃ ነው!»

«በማን ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ጠመጠሙት?» ጮኸ ኡስታድ ሰርፈራዝ። «በማን ማሽን? በዋዲ! ሰማያዊ ብለህ ስትወለውለው ያደርከው ዋዲ ነው!»

እንደገና ተጨቃጨቁ፤ አሁን ግን በደስታ ነበር። ሁለቱም አሸንፈዋል። ፉፊ ዘሪና ዕድሉን አላሳለፈችውም፤ «እንግዲያው አንዱ በአንደኛው ክፍል፣ አንዱ በሌላው ክፍል ይቁም፣ አለቀ! ብሉ!» አለች። ኡስታድ ሰርፈራዝ ፑላው ቀዝቅዞም እንደሚጥም ተናገረ። ሱግራ እንባዋን ጠረገች። ሠርጉ ተረፈ።

ተውቂር ሳህኑን ይዞ ወደ ነጊና ተጠጋ።

«ልናገር ስል ቀደምሽኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ውሃ ነበር እኮ የጠየቅኸው።»

«ጉሮሮዬን ላርጥብ ብዬ ነው።» ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ዕቃው ዞር ብሎ፣ «ነጊና፣ አንድ ነገር ብቻ። እንግዳ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ቡናማው ይሁን፤ ሰማያዊው ከውስጥ። የኛ ክፍል ልጆች ይመጣሉ፤ ሰማያዊ ካዩ አያኖሩኝም።»

«አንድ ሞተር መሆኑን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ከሁሉም በፊት ነው ያወቅኸው። ጭቃ ነው ብለህ አስቀኸናል።»

«እሱማ ሴቶች ክፍል ውስጥ ነው» አለ። «በወንዶቹ ፊት ግን... ታውቂያለሽ።»

ነጊና አየችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባለማወቃቸው ተሟግተዋል፤ ሲያውቁም ሊያውቁ አልፈለጉም። ይህኛው ግን አውቆ ነው የሚገዛላቸው። አባቷን እንኳ እንደዚህ ንቃ አታውቅም ነበር።

ካቻቪቴውን አነሣች። የሁለቱንም ክዳን መልሳ ገጠመች፤ ሥራ አበላሽቶ መተው አትወድም። ቡናማውን ካርቶኑ ውስጥ ከትታ ተውቂር እጅ ላይ አኖረችው።

«ፉፊ፣» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ልብሱን ጠቅልይው። እኔ አላገባም።»

ጩኸት ሆነ፣ ልመናም ሆነ። ኡስታድ ሰርፈራዝ ሳህኑን ጥሎ ወጣ። ሱግራ ሦስት ቀን አላናገረቻትም። ነጊና ሌሊቱን ያለቀሰችው ለተውቂር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ይናገራል ብላ ላሰበችው፣ ላልነበረው ሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ዘርቃ በር ላይ የቆሙት ወንዶች ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ቻቻ ቡታ ሁለት ቱታውን ደርቦ፣ ላቡን እየጠረገ ወደ እሷ መጣ።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለ። «ኡስታድ ሁሉን ነገረን። ሠርግሽ እንኳ ደርሶ፣ የዋዲን ሰው አላገባም አልሽ! እንዲህ ነው እንጂ! ደምሽ ሰማያዊ ነው!»

ከኋላው አባቷ ቆሟል። ደረቱን ነፍቶ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተሰምቶት በማያውቀው ኩራት ያያታል። በዚያ ኩራት ውስጥ የእሷ ቃል አንዲቷ እንኳ አልነበረችም።

«ቻቻ ቡታ፣» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «እሱን የተውኩት የዋዲ ሰው ስለሆነ አይደለም። እርስዎን ስለሚመስል ነው።»

መንገዱን ተሻግራ ወደ ጥምጠማ ክፍል ገባች። ቻቻ ቡታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወንዶቹን አየ፣ ኡስታድ ገዘንፈርን አየ፤ ከዚያ ግራጫውን ቱታ ገለጥ አድርጎ ከሥር ያለውን እያሳየ ሳቀ።

«እኔን? ምኑ ነው እኔን የሚመስለው? እኔ የዘርቃ ሰው አይደለሁ እንዴ!»